ሐረርን በቤቶቿ መጎብኘት፦ ስለ ጀጎል ሙዚየሞችና ታሪካዊ ስፍራዎች

ሐረር ለሙዚየም ጎብኚ የምትመች ከተማ ናት። ሊታይ የሚገባው ነገር አብዛኛው በአንድ ግንብ ውስጥ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ከሙዚየም ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ መኖሪያ ቤት ለመሻገር መኪና አያስፈልግም፤ እግርና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃሉ። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የሙስሊም ቅዱሳን) መቃብሮች መኖራቸው በመዝገቡ ተጠቅሷል።

ከጉብኝቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ነገር ግን የሐረር ዋና ዋና ሙዚየሞች ቤታቸው የአንድ ሰው፣ በውስጣቸው ያለው ዕቃ ደግሞ የሌላ ሰው ታሪክ መሆኑ ነው። የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የአርተር ራምቦን ስም የያዘው ቤት የህንድ ነጋዴ የሠራው ሲሆን፣ በውስጡ ከሚታዩት ነገሮች የሚበልጡት የሐረር የድሮ ፎቶግራፎች ናቸው። የተፈሪ መኮንን ቤት እየተባለ የሚጠራው ፎቅም የሐረሪዎችን በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ጌጣጌጥና ሳንቲም አቅፎ ይዟል። ቤቱንና ዕቃውን ለየብቻ ለማንበብ ያልተዘጋጀ ጎብኚ ከሁለቱም ግራ ተጋብቶ ይወጣል፤ አብዛኛው የጉብኝት መርሐ ግብር ደግሞ በቀጥታ ወደ እነዚህ ቤቶች ስለሚወስድ ግራ መጋባቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ይጀምራል። በእኔ ግምት የተሻለው መንገድ ቤቱና ዕቃው የአንድ ሰው ከሆኑበት ስፍራ፣ ማለትም ሰው ከሚኖርበት የሐረሪ ባህላዊ ቤት መጀመር ነው።

ወደ ከተማዋ የሚወስደው መንገድ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ደጋው የሚወጣው አስፋልት በሐረማያና በአወዳይ በኩል አልፎ ሐረር የሚያደርስ ሲሆን፣ በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ለደረሰ ሰው ከ50 ኪሎ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ጉዞ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ሐረር ከመግባቱ በፊት ጨለንቆን ያልፋል። በዚያ ሲያልፉ ስሙን ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ከተማው ውስጥ በየቤቱ ደጋግሞ ይነሣልና።

ግንቡን በተመለከተ፣ የአካባቢው ትውፊት የሚያስታውሰው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዙትን አሚር ኑርን ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከተገደሉ በኋላ ኃይሏ ለደከመው ከተማ ግንቡ የመጨረሻ መከታ ሆነ። ዙሪያው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ፣ በሐረሪ ቋንቋም እያንዳንዳቸው ሌላ ስም አላቸው። መኪና የሚያስገባውና ብዙ ሰው ለፎቶግራፍ የሚቆምበት ሐረር በር ከእነዚህ በኋላ የተጨመረ ስድስተኛ ነው። ግንቡን ዙሪያውን በእግር መዞር የሚመከር ቢሆንም፣ አንዳንዱ ክፍል ከግንቡ ጋር በተጣበቁ ቤቶችና ሱቆች የተሸፈነ ስለሆነ ያልተቋረጠ ትዕይንት መጠበቅ አይገባም። ከሁሉ የተሻለው በሸዋ በር ገብቶ በገበያው መካከል በማለፍ በኤረር በር መውጣት ነው፤ ከተማዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትጠብም ስትሰፋም በአንድ ጊዜ ይታያል።

ወደ ባህላዊው ቤት ልመለስ። ሐረሪዎች «ጌይ ጋር» የሚሉት ይህ ቤት ከውጭ ሲታይ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከመንገዱ የሚታየው በኖራ የተለቀለቀ አጥርና ጠንካራ የእንጨት በር ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ግቢ ይገኛል፤ ግቢውን አልፎ ወደ ዋናው ክፍል የገባ ሰው ደግሞ ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች ፊት ለፊት ይቆማል። «ነደባ» የሚባሉት እነዚህ መደቦች እንዲያው የተደረደሩ መቀመጫዎች ሳይሆኑ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚወስኑ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ያለው የአሚር ነደባ የቤቱ ጌታ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠርበት ሲሆን፣ ትልቁ ነደባ ለእንግዶች፣ ሌሎቹም በዕድሜና በክብር ደረጃ ለቤተሰቡ አባላት የተመደቡ ናቸው። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ አለበት፤ አስተናጋጆቹ ጨዋ ስለሆኑ የተሳሳተ ቦታ ላይ ለተቀመጠ እንግዳ ምንም አይሉትም፣ ነገር ግን የቤቱን ትርጉም ሳያውቅ ይወጣል።

መደቦቹና ወለሉ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። ቀለሙ በጨለንቆ ለወደቁት የሐረር ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ የአሚር አብዱላሂን ጦር በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፣ ይዘዋት የነበሩት ግብፆች ለቀዋት ከወጡ ገና ሁለት ዓመት ቢሆናት ነበር። የዚህ ዓይነት ታሪክ በአብዛኛው አገር በሐውልት ወይም በመጽሐፍ ይቀመጣል፤ ሐረሪዎች ግን በየቀኑ በሚረግጡትና በሚቀመጡበት ወለል ላይ አኑረውታል። ለእኔ ከጀጎል ታሪካዊ ስፍራዎች ሁሉ የበለጠውን የሚናገረው ይህ ወለል ነው።

ከመደቦቹ በላይ ግድግዳው ላይ የተቀረጹት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች በሴቶች እጅ የተሰፉ ሙዳዮችን፣ ሳህኖችንና መጻሕፍትን ይይዛሉ፤ በግድግዳው ላይ ደግሞ የስፌት ሥራዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከጣሪያው እስከ መደቡ ተሰቅለዋል። አንዱን አውርዶ በእጁ ለመያዝ ዕድል ያገኘ ጎብኚ የስፌቱን ጥግግት ቀረብ ብሎ ይመልከት፤ ሣሩ እጅግ ቀጥኖ ስለተሰነጠቀ ከሩቅ በጨርቅ ላይ የታተመ ይመስላል፣ ጣትን ሲያሳልፉበት ግን እያንዳንዱ ዙር ለየብቻ ይቆጠራል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ በቤቱ ለአቅመ ጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን እንደሚያመለክት አስጎብኚዎች ሁሉ ይናገራሉ። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ በባህሉ መሠረት ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ የሚቆዩባት ናት።

አንዳንድ የሐረሪ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያ ስለሚያከራዩ፣ በሆቴል ፈንታ በእንዲህ ያለ ቤት ማደር ይቻላል። ምቾትን የሚያስቀድም ሰው መታጠቢያውና መጸዳጃው በጋራ መሆኑን፣ ግቢውም ሌሊት ጸጥ ቢልም ከንጋቱ አዛን ጋር እንደሚነቃ አስቀድሞ ይወቅ። እኔ ግን ለሙዚየም መግቢያ የሚከፈለው ገንዘብ ሁሉ ለዚህ አዳር ቢውል እመርጣለሁ፤ ጠዋት በቡና ገለባና በወተት የተፈላ ሆጃ በትልቁ ነደባ ላይ ተቀምጦ መጠጣት የየትኛውም ሙዚየም ትኬት የማይጨምረው ነገር ነው።

በሰው ቤት መግባት የሚከብደው ጎብኚ በኤረር በር አቅራቢያ ወዳለው የሐረሪ ባህል ማዕከል መሄድ ይችላል። በዚያ የሚታየው ጌይ ጋር ለእይታ ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ በቦታው ነው። አንድም የተጣለ ጫማ፣ አንድም የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ለጥናት ይጠቅማል፣ ለስሜት ግን የሚበቃ አይደለም።

ይህን ያየ ሰው ወደ ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ሲገባ ዕቃዎቹን ያውቃቸዋል። ሙዚየሙ የአቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የዘመናት ድካም ውጤት ነው፤ የሐረርን ቅርሶች ከየቤቱ እየለመኑ፣ እየገዙና እየተረከቡ በግላቸው ሰብስበው፣ በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ ክፍት አደረጓቸው። በኋላም መስተዳድሩ የተፈሪ መኮንን ቤት በመባል የሚታወቀውን ፎቅ ስለሰጣቸው ስብስቡ ወደዚያ ተዛውሯል። ቤቱ ባለ ፎቅ ሲሆን የእንጨት ሥራው የህንድ እጅ ያለበት ነው፤ ከበሩ በላይ የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሽ ተቀርጾ ይታያል። ተፈሪ መኮንን የሐረርጌ ገዥ በነበሩበት ዘመን ከወይዘሮ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ቤት እንደሆነም ይነገራል።

እዚህ ላይ የቤቱና የዕቃው ነገር ይበልጥ ይገለጣል። ራስ መኮንን ሐረርን እንዲያስተዳድሩ የተሾሙት ከጨለንቆ ድል በኋላ ነው፤ ቤቱ የሚጠራው በልጃቸው ስም ነው፤ በውስጡ የተቀመጡት በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሰይፎች፣ የብር ጌጣጌጦች ደግሞ በዚያ ጦርነት ድል የተነሣችው ከተማ ሀብት ናቸው። የሐረር አሚሮች በስማቸው ያስመቷቸው ሳንቲሞች፣ የገዛ ገንዘብ የነበራት ነፃ ከተማ ምስክሮች፣ በአዲሱ ገዥ ቤት ሳጥን ውስጥ ተደርድረዋል። ይህን የሚያስተውል ሰው አንዱን ሌላው ላይ ሳይጭን ሁለቱንም ታሪክ ይዞ መውጣት ይችላል፤ ሙዚየሙን ከሌሎቹ ሁሉ የሚያስበልጠውም ይህ ይመስለኛል።

በስብስቡ ውስጥ ከፍተኛውን ቦታ የሚይዙት በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት ናቸው። ሐረር የቁርአን መገልበጫና የመጽሐፍ ጥረዛ ከተማ እንደነበረች በጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ አንድ ጥራዝ በቅርብ ማየት ይበልጣል፤ ቆዳው ላይ በማኅተም የተጫነው ክብ ጌጥ፣ ከኋላ ወደ ፊት ታጥፎ የገጾቹን ጠርዝ የሚሸፍነው የቆዳ ክዳን፣ ከጥቁሩ ጽሑፍ መካከል በቀይ ቀለም የሚለዩት ቃላት፣ በዳር በዳር አንባቢዎች የጨመሯቸው ማስታወሻዎች። ከአረብኛው መጻሕፍት ጎን በአረብኛ ፊደል የተጻፉ የሐረሪ ቋንቋ ጽሑፎችም አሉ። ሙዚየሙ የተጎዱ መጻሕፍትን በባህላዊው ዘዴ መልሶ በመጠረዝ፣ ገጾቻቸውንም በምስል በማስቀረት ይታወቃል፤ በተጨማሪም የድሮ የሐረሪ ዘፈኖችንና ዚክሮችን (መንፈሳዊ ውዳሴዎችን) የያዙ የድምፅ ቅጂዎች አሉት። ጊዜ ያለው ሰው ዘፈን እንዲያሰሙት ይጠይቅ። ለዚህ ቤት ብዙ ጊዜ መመደብ ይገባል፤ በተጣደፈ ቡድን መካከል ሆኖ ማየት ግን ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የራምቦ ቤት ይገኛል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ26 ዓመቱ፣ በ1873 ዓ.ም. የአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ሲደርስ፣ ግጥም መጻፉን ከተወ ዓመታት አልፈውት ነበር። በከተማዋ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ጠመንጃ አስጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ሸዋ ድረስ ወጥቷል፣ ዋጋውም ከራስ መኮንን እንዲከፈለው ወደ ሐረር ተላከ። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ላይ ሆኖ ወደ ዘይላ ወደብ ተወሰደ፤ በፈረንሳይ አገር ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ሞተ። አንዳንድ አስጎብኚዎች በዚሁ ቤት ኖሯል ብለው በድፍረት ሲናገሩ ይሰማል፤ ቤቱ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ የተሠራ ነው።

ይህ ማለት ቤቱ መታየት የለበትም ማለት አይደለም። እንዲያውም እንደ ሕንፃ ከሐረር ቤቶች እጅግ የሚያምረው እርሱ ነው፤ ባለቀለም መስታወት ያላቸው መስኮቶቹ ከሰዓት በኋላ በእንጨት ወለሉ ላይ የሚጥሉት ብርሃን፣ በሥዕል የተጌጠው ጣሪያው፣ ከላይኛው ፎቅም የሚታየው የጀጎል የቆርቆሮ ጣሪያና የመስጊድ ማማ ለብቻቸው የመግቢያውን ዋጋ ያወጣሉ። ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ሐረር ሳለ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ቅጂና የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የከተማዋ ምስሎችም በግድግዳው ላይ ይታያሉ። እነዚህን የከተማ ምስሎች በጥንቃቄ የሚያይ ሰው የፈረስ መጋላን አደባባይ ያለ መኪና፣ ግንቡንም ያለ ሱቅ ያገኛቸዋል። ስለ ባለቅኔው በፈረንሳይኛ የተለጠፉት ገለጻዎች ግን ግጥሙን ላላነበበ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የሚሰጡት ጥቅም ውሱን ነው፤ ራምቦ ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ሐረር ሲያወራ በአብዛኛው ስለ መሰልቸቱ እንደነበረ ማስታወስም አይጎዳም። ከተማዋ ለእርሱ የሰጠችው ክብር እርሱ ለእርሷ ከሰጣት በእጅጉ ይበልጣል።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ባሉት ጠባብ መንገዶች ሲሄዱ የሚያጋጥሙትን ነገሮች አስጎብኚ ቢያልፋቸው እንኳ ጎብኚው አይለፋቸው። የልብስ ሰፊዎች መኪና ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማበት፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ አንዱ ነው፤ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባው የአሚር ኑር መቃብር ሌላው ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የቆመው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከ1879 ዓ.ም. በኋላ በመስጊድ ቦታ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ይህን የሚያነሣ ሰው በሁለቱም ወገን በቂ ጨዋነት ቢኖረው ጥሩ ነው። ወደ ጃሚ መስጊድ ሙስሊም ያልሆነ ጎብኚ ሳይፈቀድለት አይግባ፤ ከውጭ ሆኖ ማየት ይበቃል።

ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ የሚደረገውን የጅብ ምገባ ብዙዎች የሐረር ዋና ትርኢት አድርገው ያወሩለታል። ጅቦቹ ከተማዋን የሚያጸዱ፣ በግንቡም ውስጥ ለእነርሱ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ ያላቸው ጎረቤቶች ስለሆኑ፣ ግንኙነቱ ከቱሪዝም የቆየ ነው። ሥጋውን በአፍ በተያዘ እንጨት ማጉረሱ ግን ለመኪና መብራትና ለስልክ ካሜራ የተመቻቸ ትርኢት ሆኗል፤ አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነው። ከዚያ ይልቅ ከመሸ በኋላ በፈላና በር ወይም በሰንጋ በር በኩል ሲመለሱ ጅብ በመንገዱ ዳር ሰው ሳይፈራ ሲያልፍ መመልከት ስለ ከተማዋ ይበልጥ ይናገራል።

ከከተማዋ ውጭ አንድ ቀን መስጠት የሚችል ሰው ኮረሚን ያስቀድም። ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከኤረር ሸለቆ በላይ የምትገኘው ይህች የአርጎባ መንደር ቤቶቿ እንደ ሐረር ቤቶች ሳይለቀለቁ ድንጋያቸው እንዳለ የሚታይ ስለሆነ፣ የጌይ ጋር አሠራር ኖራው ተገፎ ቢታይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። መንገዱ ግን ሻካራ ነው። ወደ ጅግጅጋ አቅጣጫ የምትገኘው ባቢሌ ሰኞና ሐሙስ የግመል ገበያ ይውልባታል፤ ከእርሷ ያለፈው የዳኬታ ሸለቆም አንዱ በሌላው ላይ ተሰቅለው በቆሙ ግዙፍ አለቶቹ ይታወቃል። ገበያው ረፋድ ላይ ስለሚበተን በጠዋት መነሣት ያስፈልጋል፤ ሸለቆውን በተመለከተ ከመኪና ወርዶ ጥቂት መሄድ በቂ ነው።

አስጎብኚ መያዝን በተመለከተ፣ መንገዱን ለማግኘት አያስፈልግም፤ ጀጎል ውስጥ የጠፋ ሰው ወደ ታችም ወደ ላይም ቢሄድ አንድ በር ያገኛል። የሚያስፈልገው ወደ ሰው ቤት ለመግባትና በሙዚየሞቹ ውስጥ የዕቃውን ጥቅም ለመረዳት ነው። ስለዚህ በባህል ቢሮው የተመዘገበና በተለይም ከጀጎል ውስጥ የተወለደ ሰው መፈለግ ይሻላል፤ ዋጋውንም ከመነሣት በፊት መነጋገር ነው። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት በገበያም ሆነ በግቢ ነውር ነው፤ በየቤቱም ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ማድረግ ይመረጣል።

ጊዜን ለመምረጥ ነፃ የሆነ ሰው ከዒድ አልፈጥር በኋላ ባለው ሳምንት መጨረሻ የሚከበረውን ሸዋል ዒድ ያስበው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ይህ በዓል ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ በዚክርና በከበሮ የሚከበር ሲሆን፣ ወጣቶች የሚተጫጩበትም ነው። በሙዚየሙ ሳጥን ውስጥ ያዩት ጌጥ በዚያ ሌሊት በሰው አንገት ላይ ይታያል። በእነዚያ ቀናት ከውጭ አገር ጭምር የሚመጡ የሐረሪ ቤተሰቦች የእንግዳ ማረፊያዎቹን ስለሚሞሉ፣ በጌይ ጋር ለማደር የሚፈልግ ሰው ክፍሉን ረመዳን ከመግባቱ በፊት ይያዝ።